ያልገባንን «ገባን» አንበል፦ የቋንቋ መብትና ስደተኛው በካናዳ

(በኦታዋ በተደረገ የኢትዮጵያውያን የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ እንደተነገረው ከሞላ ጎደል ተጽፎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ አገር ተወልዳችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ብርድ፣ ያውም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አክብራችሁኛልና እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አዘጋጆቹንም ስለ ጥሪው ከልብ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ ማስተርጎም ነው። በስደተኞች ጉዳይ ችሎት፣ በፍርድ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው አደርሳለሁ። የምሰማው ሁሉ የሰው ምስጢር ስለሆነ ዛሬ የማነሳቸውን ታሪኮች ያለ ስም፣ ያለ ቦታና ያለ ዘመን ነው የምነግራችሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ካየሁት ሁሉ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ወገኖቼ በዚህ አገር የሚጎዱት እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። ቋንቋ ይለመዳል። የሚጎዱት ያልገባቸውን «ገባኝ» ስለሚሉ ነው። ዳኛው ሲጠይቅ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሐኪሙ ሲያስረዳ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ወረቀት ሲቀርብላቸው ይፈርማሉ። ለምን? ሰው እንዳይቸገርብን፣ ጊዜ እንዳናባክን፣ እንዳንናቅ። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ አገር ቤት ሰው ከሰው የሚያኖር ደግ ጠባይ ነው። እዚህ ግን በችሎት ፊት ሲቀመጥ ሕይወት ያስከፍላል።

ሦስት ነገሮችን አነሳለሁ። መጀመሪያ፣ ይህ አገር ሁለት ቋንቋ ያለው እንዴት እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ወንዙን ተሻግረን ኩቤክ ስንገባ ምን እንደሚለወጥ። ሦስተኛውና ረጅሙ፣ ለእኛ ቋንቋ ሕጉ የት ቦታ ላይ በር እንደከፈተ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ካናዳ ሁለት ቋንቋ ያላት አያቶቻቸው ተስማምተው፣ ተጨባብጠው ስለተካፈሉ የሚመስለን ስንቶች ነን? እጅ አውጡ እስቲ። ብዙ ነን። እኔም እዚህ ስመጣ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አይደለም። በ1867 አገሪቱ ስትመሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 133 ሁለቱንም ቋንቋዎች በፌዴራሉ ፓርላማ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚበዙባት በኩቤክ ምክር ቤትና በፍርድ ቤቶቻቸው ፈቀደ። ሌላው አገርስ? ማኒቶባ በ1870 ክፍለ አገር ስትሆን ተመሳሳይ ቃል ተገብቶላት ነበር። በ1890 የክፍለ አገሩ ምክር ቤት በአንድ ሕግ ፈረንሳይኛን ሰረዘው። እኛ ባለንበት በኦንታሪዮስ? በ1912 «ደንብ 17» የሚባል መመሪያ ወጣ። ሕፃናት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት በኋላ በፈረንሳይኛ እንዳይማሩ የሚያግድ ነበር።

አሁን የምነግራችሁ እዚሁ ኦታዋ የሆነ ነው። ሎወርታውን በሚባለው ሰፈር፣ ባይዋርድ ገበያ አጠገብ፣ ጊግ የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ቤያትሪስና ዲያን ዴሎዥ የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች መምህራን ደንቡን አንቀበልም ብለው በፈረንሳይኛ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ1916 ጥር ወር ባለሥልጣናት ትምህርት ቤቱን ሊያስለቅቁ ሲመጡ እናቶች በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። በእጃቸው ምን ነበር? የባርኔጣ መርፌ! በዚያ ዘመን ሴቶች ባርኔጣቸውን ከፀጉራቸው ጋር የሚያያይዙበት ረጅም መርፌ። እነዚህ እናቶች ጠመንጃ አልነበራቸውም፤ ድምፅ የመስጠት መብት እንኳ አልነበራቸውም። ልጆቻችን በቋንቋቸው ይማራሉ ብለው በካናዳ ክረምት ደጅ ላይ ቆሙ። ደንቡም በ1927 ሥራ ላይ መዋሉ ቀረ።

አንድ ሌላ ልጨምር፤ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። በ1976 በማኒቶባ ዋና ከተማ በዊኒፔግ፣ ሴንት ቦኒፌስ በሚባለው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሰፈር፣ ዦርዥ ፎሬ የሚባል ሰው የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት ደረሰው። የጥቂት ዶላር ቅጣት ነው። ወረቀቱ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የተጻፈው። ከፍሎ ቢተወው ማንም አያስታውሰውም ነበር። እሱ ግን «በቋንቋዬ ያልተጻፈ ቅጣት አልከፍልም» ብሎ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ወጣ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1890ው ሕግ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብሎ ፈረደለት። በ1985 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በማኒቶባ ከ1890 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ የወጡት ሕጎች ሁሉ ዋጋ የላቸውም አለ፤ ክፍለ አገሩ ሕግ አልባ እንዳይሆን ብቻ እስኪተረጎሙ ድረስ ጊዜ ተሰጠ። አያችሁ? ዘጠና ዓመት ያህል ሰው እየተበሳጨ የኖረበትን ነገር አንድ የቅጣት ወረቀት አፈረሰው። ሰውየው ይሉኝታ ቢይዘው ኖሮስ?

ዛሬ የምናውቀው የሁለት ቋንቋ አገር ከዚህ ዓይነቱ ሙግት የተወለደ ነው። በ1969 የመጀመሪያው የመንግሥት ቋንቋዎች ሕግ ወጣ። በ1982 የመብቶችና የነጻነቶች ቻርተር ሁለቱን ቋንቋዎች በሕገ መንግሥት ደረጃ አጸና። በ2023 ሕጉ እንደገና ታደሰ። ከክፍላተ አገሩ ሁሉ በሕገ መንግሥት ባለሁለት ቋንቋ የሆነችው ግን ኒው ብራንስዊክ ብቻ ናት። ማንም እነዚህን መብቶች በስጦታ አላገኘም።

ይህን ስንል ግን አንድ እውነት መዝለል የለብንም። ከሁለቱም ቋንቋዎች በፊት እዚህ የነበሩ ቋንቋዎች አሉ። ይህ አዳራሽ የቆመው በአልጎንኩዊን ሕዝብ ምድር ላይ ነው። ክሪ፣ ኢኑክቲቱት፣ አኒሺናቤ የሚናገሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ሲገቡ በእናታቸው ቋንቋ ስለተናገሩ ይቀጡ ነበር። የአገሬው ሕዝቦች ቋንቋዎች ሕግ የወጣው ገና በ2019 ነው። በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ዛሬ 11 የሥራ ቋንቋዎች አሉ፤ ከነዚህ ውስጥ 9ኙ የአገሬው ሕዝቦች ናቸው። ስለ ቋንቋ መብት የምንናገር ስደተኞች የእነዚህን ሰዎች ሕመም ካላወቅን ንግግራችን ጎዶሎ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልሻገር። ኦታዋ የምንኖር ሰዎች የተለየ ዕድል አለን፤ ሕጉን በእግራችን መርምረን ማየት እንችላለን። የአሌክሳንድራን ድልድይ በእግር ተሻገሩ፤ ኦንታሪዮ ያበቃል፣ ኩቤክ ይጀምራል። ያው ወንዝ፣ ያው ነፋስ፣ ያው አውቶቡስ። የቋንቋ መብታችሁ ግን ድልድዩ መሐል ላይ ይለወጣል። ከእኛ መካከል የቤት ኪራዩ ይሻላል፣ የሕፃናት ማቆያው ይረክሳል ብለው ከወንዙ ማዶ ወዳለችው የኩቤክ ከተማ፣ ወደ ጋቲኖ የሄዱ አሉ። መሄዳቸውን አልቃወምም። ግን ሕጉን አውቀው ይሂዱ።

በኩቤክ ከ1977 ጀምሮ፣ ሕግ 101 ከሚባለው ወዲህ፣ የስደተኛ ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው በፈረንሳይኛ ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣው በዋናነት ወላጁ ካናዳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረ ዜጋ ከሆነ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ምክንያቱም እዚህ ኦታዋ አድጋችሁ የተማራችሁ ወጣቶች ነገ ወልዳችሁ ወንዙን ብትሻገሩ ለልጆቻችሁ ምርጫ አላችሁ። ወላጆቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የተማሩ ስለነበሩ ይህ ምርጫ አልነበራቸውም። በኦንታሪዮ በኩል ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶች በመብት የሚቀበሉት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ወላጅ ያላቸውን ነው፤ ሌላው በመግቢያ ኮሚቴ በኩል ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ «ልጄ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው» ስትሉኝ የእንግሊዝኛውን ቦርድ ኢመርሽን ክፍል፣ ማለት ትምህርት በፈረንሳይኛም የሚሰጥበትን ክፍል ማለታችሁ ነው። እሱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተለየ ነገር ነው።

ከዚያ በ2022 ሕግ 96 መጣ። የኩቤክ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች አዲስ ለገባ ስደተኛ በሌላ ቋንቋ የሚያስተናግዱት ከመጣበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይኛ ብቻ። ጤና፣ የሕዝብ ደኅንነትና ፍትሐዊ የፍርድ ሒደት ከዚህ ውጭ ናቸው። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ በሌላ ቋንቋ መነጋገር ተከልክሏል የሚላችሁ ሰው ካለ አልተከለከለም በሉት።

ስለዚህ ሕግ ምን እንደማስብ በግልጽ ልናገር። የኩቤክን ሰዎች ፍርሃት እረዳለሁ። ከልቤ እረዳለሁ። በ2016 የሕዝብ ቆጠራ ቤቱ ውስጥ በብዛት ፈረንሳይኛ የሚናገረው ካናዳዊ ከመቶ 20 ነበር፤ በ2021 ወደ 19.2 ወርዷል። ከዚህ በላይ የሚወርድበትን ቀን እያሰበ የሚያድር ሕዝብ ሕግ ቢያወጣ አይደንቀኝም። ልጆቻችን አማርኛ ሲጠፋባቸው የሚሰማንን እናውቀው የለም እንዴ? ነገር ግን ስድስት ወር! ቀን ፋብሪካ፣ ማታ ጽዳት የምትሠራ፣ ሁለት ሕፃን ያላት እናት በስድስት ወር ውስጥ የመንግሥት ደብዳቤ የምታነብበት ፈረንሳይኛ ከየት ታመጣለች? ቋንቋን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ባልቻለው ሰው ላይ በር መዝጋት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፤ ሁለተኛውን እቃወማለሁ።

ከኩቤክ ሳልወጣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አዲስ አበባ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር የተማረው። ከ1945 ጀምሮ ትምህርት ቤቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ከኩቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ናቸው። ከመካከላቸው ሉሲየን ማት የሚባሉት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። አጎቴ እንደሚያወጋው መነኮሳቱ በረንዳ ላይ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ ደወል ተደውሎ ክፍል ሲገቡ ግን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ የአገሩ ትምህርት ቋንቋ እሱ ስለሆነ። የሰው አገር ሄደው ለሰው አገር ምርጫ ተገዙ። ያን ጊዜ ገና በአገራቸው በሞንትሪያል ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የበታች ሆኖ ይኖር ነበር። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲያችን መሠረት ላይ የኩቤክ ሰው እጅ አለበት። ኩቤክን የማናውቃት አገር አድርገን ስንናገር ይህን እንዳንረሳ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ያወራነው ስለ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው። አማርኛ የሚናገረው፣ ትግርኛ የሚናገረው፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሲዳምኛ የሚናገረውስ? ለእሱ በዚህ አገር ሕግ ምን ተጻፈ? «ምንም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ትክክል አይደለም። የቻርተሩ አንቀጽ 14 እንዲህ ይላል፦ ሒደቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይሰማ ወይም የማይናገር ተከራካሪ ወይም ምስክር አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ተመልከቱ፤ አንቀጹ «ዜጋ» አይልም። «ቋሚ ነዋሪ» አይልም። ትናንት ማታ በአውሮፕላን የገባ ሰውም ይህ መብት አለው።

መብቱስ ምን ያህል ነው? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ትራን በሚባለው ጉዳይ መልሶታል። ቬትናምኛ ተናጋሪ ተከሳሽ ነበር። ችሎቱ ላይ አስተርጓሚው ራሱ ለምስክርነት ቀርቦ ሲናገር የተባለውን ሁሉ ሳይሆን ማጠቃለያውን ብቻ ለተከሳሹ ነገረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና ይዳኝ አለ። ትርጉም ያልተቋረጠ፣ ትክክለኛ፣ ገለልተኛ፣ ብቃት ባለው ሰው የሚሠራና ቃሉ በተነገረበት ጊዜ የሚተላለፍ መሆን አለበት ብሎ ደነገገ። ስለዚህ ሌላው ሰው አምስት ደቂቃ ተናግሮ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብነግራችሁ እጃችሁን አውጡ! «የቀረውስ?» በሉ። ለእኔ ብላችሁ ዝም አትበሉ። እኔ አልቀየምም፤ ብቀየምም የእናንተ ጉዳይ ይበልጣል።

የስደተኞች ቦርድ ችሎት ላይ ያለውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ ቀጠሮ የሚጠብቁ እንዳሉ አውቃለሁ። የጥገኝነት ጥያቄ ታሪካችሁን የምትጽፉበት ቅጽ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይሞላል። ጉዳዩ ከሁለቱ በየትኛው እንዲታይ እንደምትፈልጉ እናንተ ትመርጣላችሁ። አስተርጓሚ በየትኛው ቋንቋ እንደምትፈልጉም እዚያው ትጽፋላችሁ። አስተርጓሚውን ቦርዱ ያቀርባል፤ አትከፍሉም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ከችሎቱ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ማሳወቅ አለባችሁ። እስካሁን ቀላል ነው።

ችግሩ የት ነው? ቅጹ መጨረሻ ላይ «የተጻፈው በቋንቋዬ ተነቦልኛል፣ ተረድቼዋለሁ» የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩም ፊርማ። ስንቱ ሰው ነው ሳይነበብለት የፈረመው! ቅጹን የሞላለት ዘመድ ወይም ጓደኛ በደግነት ነው የረዳው። ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነግሮት እሱ ደግሞ በግምት ወደ ፈረንጅ ለውጦታል። ችሎት ላይ ሲጠየቅ የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው። የቦርዱ አባል ቀስ ብላ «እዚህ ላይ ሐምሌ ይላል፤ አሁን ግንቦት አልክ» ትላለች። እኔ ያንን እተረጉማለሁ። የሰውየው ግንባር ላይ ላብ ሲወጣ አያለሁ። ስለ መታሰሩ አልዋሸም። ወረቀቱ ግን ውሸታም አደረገው። ወገኖቼ፣ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከመፈረማችሁ በፊት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይነበብላችሁ። ሁለት ሰዓት ይፍጅ። ይነበብላችሁ!

ሌላው፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር። አፉን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የፈታ ሰው አማርኛ እችላለሁ ብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቃል። አማርኛው ለገበያ፣ ለመሥሪያ ቤት ይበቃል። እስር ቤት ውስጥ የደረሰበትን ሲናገር ግን ይይዘዋል። እናቱ ስታለቅስ ያለችውን ቃል በአማርኛ ሊለው አይችልም። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ቦታ ጀምሮ ሲተወው ጉዳዩ ይቋረጥና የኦሮምኛ አስተርጓሚ ይምጣ ብዬ ለቦርዱ ተናገርኩ። ተቋረጠ፤ ሌላ ቀን ተቀጠረ። ሰውየው ሲወጣ «አስቸገርኳችሁ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። የራሱን ቋንቋ ስለጠየቀ ይቅርታ! አባቶቼና እናቶቼ፣ በልባችሁ ያለውን የምትናገሩበትን ቋንቋ ጠይቁ። አማርኛ ተናጋሪ የሆንን ደግሞ ወንድማችን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ሲጠይቅ ፊታችንን አንጠቁር። መብቱ የእኛ ብቻ አይደለም።

ሆስፒታልን ላንሳ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሕጉ እንደ ፍርድ ቤቱ ጠንካራ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን ሆስፒታል የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት ብሎ ፈርዷል። ለሌሎቻችን ግን በአብዛኛው የየሆስፒታሉ አሠራር ነው የሚወስነው። ብዙዎቹ በስልክ የሚያገናኙት አስተርጓሚ አላቸው። ካልጠየቃችሁ ግን ስልኩን አያነሱም። አንድ ቀን በአንድ ሆስፒታል ለሌላ ታካሚ ተጠርቼ ተራ ስጠብቅ አንዲት እናት ከልጅዋ ጋር አጠገቤ ተቀምጣለች። ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አላወረደም፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ሐኪሙ መጥቶ እዚያው አጎንብሶ ስለ ማሕፀን ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ በኋላ መውለድ እንደማትችል አስረዳው። ለማን? ለልጁ። ልጁ ሐኪሙን አየ፣ እናቱን አየ፣ ጫማውን አየ። ከዚያም «እማዬ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ ትድኛለሽ ይልሻል» አላት። እሷም «ተመስገን» ብላ ብዕሩን ለመያዝ እጅዋን ዘረጋች።

ተነስቼ አቋረጥኩ። የእኔ ሥራ አልነበረም፤ ማንም አልጠራኝም። ግን ያንን ፊርማ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ! ስለ ምግብ ቤት ትዕዛዝ ይሁን፣ ስለ አውቶቡስ ይሁን። ስለ በሽታ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ ግን ልጅ መሸከም የሌለበትን ነው የምናሸክመው። ያ ልጅ አልዋሸም፤ እናቱን እንዳታለቅስ ጠበቃት። «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ» የምትለዋን ሦስት ቃል ሁላችሁም በቃላችሁ ያዙ። ሌላ እንግሊዝኛ ባይኖራችሁ ይህች ትበቃለች። እስኪመጣም ድረስ አትፈርሙ።

ስለ ዜግነት ባጭሩ። የዜግነት ቋንቋ ማስረጃና ፈተና የሚጠየቀው ማመልከቻውን ሲፈርም ዕድሜው ከ18 እስከ 54 ለሆነ ሰው ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቋንቋ ስለማልችል አላመለክትም ብላችሁ የተቀመጣችሁ አላችሁ። አትጠየቁም! ነገ አመልክቱ። ዕድሜያችሁ ያልደረሰ ደግሞ የፌዴራሉ የቋንቋ ትምህርት ለቋሚ ነዋሪና ጥገኝነት ላገኘ ሰው በነጻ ነው፤ ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነ በኦንታሪዮ መንግሥት ወጪ የሚሰጠውን ጠይቁ። የዜግነት ወረቀት ከወሰዳችሁ በኋላ የፌዴራሉ በር ስለሚዘጋ ትምህርቱን ቀድማችሁ ተማሩ።

ስለ ፈረንሳይኛም አንድ ልበል፤ በተለይ ለድሬዳዋ ልጆችና በጅቡቲ በኩል ለመጣችሁ። የባቡሩ ዘመን ሰዎች ልጆች ናችሁ። ሊሴ ገብረ ማርያም የተማራችሁም አላችሁ። ጅቡቲ ለዓመታት ሠርታችሁ የተማራችሁትን ፈረንሳይኛ ማንም ስላልጠየቃችሁ ረስታችሁታል። ቋሚ ነዋሪዎችን በሚመርጠው የፌዴራሉ የነጥብ ሥርዓት፣ ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው፣ በፈረንሳይኛ ፈተና በአራቱም ክህሎት ሰባተኛ ደረጃ የደረሰና መካከለኛ እንግሊዝኛ ያለው ሰው 50 ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ከ2023 ጀምሮ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለብቻ ጥሪ ይደረጋል፤ በ2024 አጠቃላዩ ጥሪ ከ500 ነጥብ በላይ በሚጠይቅበት ጊዜ በዚህ በኩል ከ400 በታች ያላቸው የተጠሩበት ዙር ነበር። መንግሥት ከኩቤክ ውጭ ከሚገቡት ቋሚ ነዋሪዎች ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለ2025 ከመቶ 8.5 እንዲሆኑ አቅዶ ነበር። ሰድበሪና ቲሚንስን የመሳሰሉ ከተሞች ፈረንሳይኛ የሚናገር ሠራተኛ እየፈለጉ ነው። እኅቱን፣ ወንድሙን ማምጣት የሚያስብ ሰው ካለ አገር ቤት ላሉት ዛሬ ማታ ደውሉ፤ ፈረንሳይኛ የሚችል ካለ ፈተናውን ይውሰድ።

እዚህ ላይ ግን መንግሥትንም መጠየቅ አለብን። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እፈልጋለሁ የሚል አገር ከአፍሪካ በፈረንሳይኛ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶችን በብዛት ቪዛ ሲከለክል ቆይቷል፤ በ2022 የፓርላማ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሯል። የአፍሪካዊው ፈረንሳይኛ ያው ፈረንሳይኛ ነው። ይህን የምርጫ ክልላችሁ ተወካይ ደጃፋችሁን ሲያንኳኳ ጠይቁት።

የመጨረሻው ጉዳዬ የልጆቻችን አማርኛ ነው። በየቤቱ የምሰማው ለቅሶ ነው። «ይሰማል፣ አይመልስም።» ከአያቱ ጋር በስልክ መነጋገር ያልቻለ ልጅ እየበዛ ነው። ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ተንቀሳቅሰው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ዘፋኙ አቤል ተስፋዬም 50 ሺህ ዶላር ሰጥቶ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ መሰጠት ተጀምሯል። ግዕዝ በካናዳ ዩኒቨርሲቲ! እኛ ኦታዋ ያለን ለሕፃናት የሚሆን አንድ የአማርኛ ክፍል ያቅተናል?

አያቅተንም፤ ምክንያቱም ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በኦንታሪዮ የ25 ወይም ከዚያ በላይ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች በጽሑፍ ከጠየቁ የመንግሥት ትምህርት ቦርዱ የዚያን ቋንቋ ክፍል የመክፈት ግዴታ አለበት። በሳምንት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል። መምህሩን የሚቀጥረው፣ የሚከፍለው ቦርዱ ነው። ጋቲኖ ያላችሁም በኩቤክ የትውልድ ቋንቋ ትምህርት ፕሮግራም አለ፤ በትምህርት ቤታችሁ በኩል ጠይቁ። ትግርኛውም፣ ኦሮምኛውም በዚሁ መንገድ ይጠየቃል፤ እኛ ጨርሰን ቅጹን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱም ከቀደሙን ከእነሱ እንማራለን።

መግቢያው በር አጠገብ፣ ሻይና ቡናው ያለበት ጠረጴዛ ላይ የጥያቄ ወረቀት ተቀምጧል። የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ፊርማ፤ ይኸው ነው። በቋንቋችሁ ተጽፏል፤ እንግሊዝኛውም ከጎኑ አለ፤ አንብባችሁ ፈርሙ። የማያነብ ካለ እኔ ቆሜ አነብለታለሁ። ልጅ የሌላችሁ ጎረቤታችሁን አምጡ። ዛሬ ሃያ አምስት ስም ሳይሞላ ከዚህ አዳራሽ አልወጣም። አሁን ጥያቄ ያለው ይነሳ፤ ስለ ችሎት ቀጠሮ በግል መጠየቅ የምትፈልጉ ደግሞ በኋላ እጠብቃችኋለሁ፤ በሰው ፊት እንዳትናገሩ።